ሕግ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራም ለምን ይፍረስ?

በሐምሌ 2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን ሲያጸድቅ የደመወዝተኛው ዓይን ያረፈው በጥቂት ቁጥሮች ላይ ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የ10 በመቶው እርከን ቀረ። 35 በመቶ የሚጀምርበት መጠንም ከ10,900 ብር ወደ 14,000 ብር ተሻገረ። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በቀድሞው ስሌት 2,045 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ ግን 1,650 ብር ነው። በወር የሚተርፈው 395 ብር ዛሬ ባለው ኑሮ የሚናቅ አይደለም።

ለሠራተኛው የምሥራች የሆነው አዋጅ ደመወዝ ለሚያሰላው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ መጣ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ በኦሎምፒያ ግራና ቀኝ በቆሙት ፎቆች ውስጥ የሒሳብ ቢሮዎች፣ የሶፍትዌር ድርጅቶች፣ የባንክ ቅርንጫፎችና አስመጪዎች ተደራርበው ይሠራሉ። ሁሉም በወር መጨረሻ ደመወዝ ይከፍላሉ። አንዱ የሚያሰላው በኤክሴል ነው፤ ሌላው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፤ ሌላው ደግሞ የአገር ልጅ በጻፈለት የፔሮል ፕሮግራም። አዋጁ አንድ ሆኖ ሳለ ስሌቱ በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ለየብቻው ተጽፎ ይኖራል። ስለዚህ አዋጁ ሲለወጥ በየቢሮው ያለውን ስሌት ፈልጎ ማግኘት፣ መለወጥ፣ መሞከርና እንደገና መጫን የግድ ይሆናል። አንድ ቦታ የተረሳች መስመር ካለች የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይዛባል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ሊሆን ይችላል።

ሕግ መለወጡ በራሱ ችግር አይደለም። ኑሮው ሲለወጥ ሕጉም መከተል አለበት። ችግሩ ያለው የአገራችን ሶፍትዌር በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው፤ ተለዋዋጩ ሕግ ከማይለዋወጠው ፕሮግራም ጋር አብሮ ተበይዷል። የአንድ ፔሮል ፕሮግራም አብዛኛው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። የሠራተኛውን ስም የሚመዘግበው፣ የክፍያ ወረቀቱን የሚያትመው፣ ዝርዝሩን ለባንክ የሚልከው ክፍል አዋጅ ወጣ ብሎ አይለወጥም። የሚለወጠው ስሌቱ ብቻ ነው፤ ምናልባት ከጠቅላላው አንድ መቶኛ የማይሞላው ክፍል። ሁለቱ አንድ ላይ ስለተጠናቀሩ ግን ትንሹን ለማስተካከል ትልቁ ይከፈታል። ለዚህ መፍትሔው በፕሮግራሙ ውስጥ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ማሽን፣ ማስቀመጥና ሕጉን ለብቻው ማሽኑ በሚያነበው ትእዛዝ፣ በባይትኮድ መልክ መስጠት ነው። ይህ አሠራር በዓለም ላይ የቆየና የተፈተነ ነው፤ ለኢትዮጵያ ባንኮች፣ ለገቢ ሰብሳቢውና ለአገር ውስጥ የሶፍትዌር ድርጅቶችም አሁን ያስፈልጋቸዋል።

በአንድ ድርጅት ውስጥ እንኳ ስሌቱ አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ሠራተኛው በስልኩ የሚያየው አፕ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል፤ ሒሳብ ሹሟ በብራውዘር የምትከፍተው ገጽ በሌላ፤ ሰርቨሩ ደግሞ በሦስተኛ። ያው ቀመር ሦስት ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። እነዚህ ቋንቋዎች መደመርና ማባዛት ላይ ቢስማሙም ማጠጋጋት ላይ ይለያያሉ። 2.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ ቢባሉ ጃቫስክሪፕት 3 ይላል፤ ፓይተን ደግሞ 2። ሁለቱም የየራሳቸውን ደንብ ነው የተከተሉት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ግን ይህ ልዩነት በወር መጨረሻ ሒሳቡ በሳንቲም አልገጥም እንዲል ያደርጋል፤ ሒሳብ ሹሟም ምክንያቱ የማይታወቅ ሳንቲም ስትፈልግ ታመሻለች።

ይህን የሚያነብ ባለሙያ «ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ አይበቃም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለግብር እርከን ብቻ ቢሆን ይበቃል። ደመወዝ ግን ከእርከን ያለፈ ነገር አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲደነግግ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ አንድ ነጥብ ሰባት አምስት እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይላል። እንግዲህ ፕሮግራሙ የትኛው ቀን በዓል እንደሆነ ማወቅ አለበት። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ፣ መጥቅዕና አበቅቴ ተቆጥሮ ይገኛል። ኢድ አልፈጥር ጨረቃ በመታየቷ ይወሰናል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም እንደሆነችው። በዚያም የተነሣ የ2016 አዲስ ዓመት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 12 ላይ ዋለ። ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ ለመያዝ የሚሞክር ፕሮግራመር መጀመሪያ አንድ ዓምድ ይጨምራል፤ ቀጥሎ «ይህ ከሆነ» የሚል ሁኔታ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሁኔታ በሁኔታ ውስጥ። መጨረሻ ላይ ሠንጠረዡ ማንም ያላቀደው፣ ማንም ያልፈተነው የፕሮግራም ቋንቋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቋንቋ የሚያስፈልግ ከሆነ ደህና ተደርጎ የተሠራ፣ የተመሰከረለት ቋንቋ መውሰድ ይሻላል።

ባይትኮድ ማለት ለአንድ ለተወሰነ ፕሮሰሰር ሳይሆን በሐሳብ ላለ ማሽን የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ያንን ማሽን በሶፍትዌር የሚያስመስል ትንሽ ፕሮግራም በስልኩም በሰርቨሩም ውስጥ ይቀመጥና ትእዛዙን እያነበበ ይፈጽማል። ከሥሩ ያለው እሳት የማገዶም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ምጣዱ ካለ ያው ሊጥ ያው እንጀራ ይሆናል፤ እዚህም ፕሮሰሰሩ እሳቱ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ምጣዱ፣ ባይትኮዱ ሊጡ ነው። የግብሩ ስሌት አንድ ጊዜ ተጽፎ አንድ ጊዜ ከተፈተነ በርካሽ አንድሮይድ ስልክም፣ በሒሳብ ሹሟ ላፕቶፕም፣ በባንኩ ሰርቨርም ላይ ያንኑ መልስ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ይሰጣል።

ይህ ለኢትዮጵያዊው አዲስ ነገር የሚመስለው ስለማይታይ ነው እንጂ ሲጠቀምበት ኖሯል። በብዙ ሲም ካርዶች ውስጥ ጃቫ ካርድ የሚባል ቨርቹዋል ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ይህ ቴክኖሎጂ ጥቂት ኪሎባይት ማስታወሻ ባላት ቺፕ ላይ ባይትኮድ ማስኬድ እንደሚቻል ያሳየ ነው። የትሩታይፕ ፎንቶችም ፊደሉ በትንሽ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነጥቦቹን የሚያስተካክሉ የባይትኮድ ትእዛዞችን በሆዳቸው መያዝ ይችላሉ፤ እነዚያን ትእዛዞች የሚያነብ አስተርጓሚም በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ቤት የቀረበው ምሳሌ ግን ኪማን የተባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር ነው። የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ የኪቦርድ አቀማመጥ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም። «s» ሲነካ ስ ይውጣ፣ ቀጥሎ «e» ከመጣ ሰ ይሁን የሚሉ ደንቦች ተጠናቅረው በትንሽ ፋይል ይቀመጣሉ፤ የኪማን ሞተር ያንን ፋይል አንብቦ ይሠራበታል። አንድ ፊደል የሚጻፍበት መንገድ እንዲሻሻል ቢፈለግ የሚለወጠው ያ ትንሽ ፋይል ነው፤ ሞተሩ አይነካም። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ እንዲህ መስፋፋት የቻለው ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ሳይነኩ ደንቡን ብቻ መጻፍ ስለቻሉ ጭምር ነው። ለፊደል የተቻለው ለግብር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የብራዚል ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ ጠንካራ የንግድ አጥር አቁማ ነበር። በዚያ ዘመን የተፈለገውን ከውጭ ገዝቶ ማምጣት እጅግ ከባድ ነበር፤ ያለው አማራጭ በራስ መሥራት ነበር። በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቴክግራፍ የሚባል ቡድን ነበር፤ ዋና ደንበኛው የአገሪቱ የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮብራስ። የፔትሮብራስ መሐንዲሶች ለሲሙሌሽን የሚሆን ብዙ መረጃ በቅጽ ያስገቡ ነበር፤ ስህተት እንዳይገባም እያንዳንዱ መስክ መፈተሽ ነበረበት። ቴክግራፍ ለዚህ ቅጾቹን የሚገልጽ ትንሽ ቋንቋ ሠራ። መሐንዲሶቹ ሲለምዱት ግን ተጨማሪ ጠየቁ፤ ሁኔታ ይኑረው፣ ድግግሞሽ ይኑረው አሉ። ከላይ ስለ ሠንጠረዥ የተባለው እዚያም ደረሰ ማለት ነው።

ሮቤርቶ ዬሩሳሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶና ዋልደማር ሴሌስ እ.ኤ.አ. በ1993 ትክክለኛውን ውሳኔ ወሰኑ። ቅጽ መግለጫዎቹን ከመለጣጠፍ ይልቅ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ሙሉ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ሉአ አሉት። ሙሉ አስተርጓሚው ከነመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ 300 ኪሎባይት አይሞላም። ዛሬ ሉአ የፎቶ ማረሚያው አዶቤ ላይትሩም ውስጥ አለ፤ ዳታ ማከማቻው ሬዲስ ውስጥ አለ፤ የኔትወርክ መመርመሪያው ዋየርሻርክ ውስጥ አለ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአማርኛውን ጨምሮ የዊኪፒዲያ ገጾች የሚጠቀሙባቸውን ውስብስብ ቅጾች የሚያሰላውም እሱ ነው። የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ማስገባት ከብዶባት የኖረች አገር፣ ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ የቅጽ ሥራ ብላ የሠራችው ቋንቋ ዓለምን አዳረሰ። በውጭ ምንዛሪ እጥረት ለኖረች፣ የባንኮቿን ዋና ሥርዓት በአብዛኛው ከውጭ ለምትገዛ ኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለ አርአያ ማግኘት ይከብዳል። የሉአ ፈጣሪዎች ሙሉ ሥርዓቱን ከዜሮ ለመሥራት አልተነሡም። የራሳቸው የሆነውንና የሚለዋወጠውን ክፍል ለይተው በእጃቸው ያዙ።

ከሉአ በኋላ የመጣው ትልቁ ነገር ዌብአሴምብሊ የተባለው የባይትኮድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአራቱ ዋና ዋና ብራውዘሮች ውስጥ ገባ፤ በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ድርጅት ይፋዊ ደረጃ አደረገው። መነሻው ብራውዘር ቢሆንም ከብራውዘር ውጭ በማንኛውም ፕሮግራም ውስጥ መቀመጥ ይችላል። ዋሰም3 የሚባለው አስተርጓሚ ወደ 64 ኪሎባይት ቦታ ብቻ ይበቃዋል። የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አፕ ከ8,000 በላይ በሚሆኑ የቴሌቪዥንና የሌሎች መሣሪያ ዓይነቶች ላይ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አፑን አድሶ ማድረስ ለኩባንያው ትልቅ ፈተና ነበር። መፍትሔው በመሣሪያው ላይ የሚጫነውን ክፍል ከነቨርቹዋል ማሽኑ እንዳለ ትቶ የሚለዋወጠውን ክፍል በወረደ ኮድ መልክ ማቅረብ ሆነ፤ ከዚያም የዚህን ኮድ አንድ ክፍል ወደ ዌብአሴምብሊ አዛወረው። በየቤቱ የተቀመጠን አሮጌ ቴሌቪዥን ባለቤቱ እንዲያድሰው መጠበቅ አላስፈለገም።

የእኛም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ባለው የአይሲቲ ፓርክ የሚገጣጠሙትን ቴክኖዎች ጨምሮ በሕዝቡ እጅ ያሉት ስልኮች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ማከማቻቸው ጠባብ ነው፤ ዳታ ደግሞ በፓኬጅ ይገዛል። አንድ የባንክ አፕ በአስር ሜጋባይቶች ሲመዝን ብዙ ሰው አፕዴቱን ያሳልፈዋል፤ ቢቻል ዋይፋይ እስኪያገኝ ይጠብቃል። የብድር ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ስሌት የያዘ የባይትኮድ ፋይል ግን ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ደንበኛው ሒሳቡን ለማየት አፑን ሲከፍት አብሮ ይወርዳል። የአፕ መደብሮቹ ደንብም መንገዱን አልዘጋም። ጎግል ፕሌይ ከመደብሩ ውጭ የሚወርድ ተፈጻሚ ኮድን ይከለክላል፤ በቨርቹዋል ማሽን ወይም በአስተርጓሚ ውስጥ የሚሠራና ወደ አንድሮይድ አገልግሎቶች በተዘዋዋሪ ብቻ የሚደርስ ኮድን ግን ከክልከላው ነፃ አድርጎታል። አፕል የበለጠ ጥብቅ ነው፤ እሱም ቢሆን በአፕ ውስጥ ለሚሠሩ ሚኒ አፖች የራሱን ደንብ አውጥቷል።

ሚኒ አፕ ከተነሣ ዘንዳ አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ በተግባር ተጀምሯል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ገንዘብ መላኪያ ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያሉት ሲሆን ሱፐር አፑ የሌሎች ተቋማትን ሚኒ አፖች በውስጡ ያስተናግዳል። ባንኮችም የየራሳቸውን ሱፐር አፕ እያወጡ ነው፤ ሳፋሪኮም ደግሞ ኤምፔሳን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ይዞ መጥቷል። አስተናጋጁ አፕ ማሽኑን ያቀርባል፤ እንግዳው ኮዱን ይዞ ይመጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው እያንዳንዱ አስተናጋጅ የራሱን በር፣ የራሱን ቁልፍ መሥራቱ ነው። በኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ተከራይተው ለትምህርት ቤቶች ክፍያ መሰብሰቢያ የሚሠሩ አምስት ወጣቶች ያንኑ አገልግሎት ለአንዱ ሱፐር አፕ ይጽፋሉ፤ ለሌላው እንደገና ይጽፋሉ፤ ለሦስተኛው ደግሞ እንደገና። ጉልበታቸው የሚያልቀው አዲስ ነገር በመሥራት ሳይሆን አንዱን ነገር በመደጋገም ነው።

ባንኮች ይህን ችግር በሌላ መልኩ ፈትተውት ያውቃሉ። የባንኮች የጋራ የክፍያ ማገናኛ በሆነው ኢትስዊች ከመተሳሰራቸው በፊት የአንዱ ባንክ ካርድ በአብዛኛው በሌላው ኤቲኤም አይሠራም ነበር፤ ዛሬ ይሠራል። ለካርድ የተስማሙ ባለድርሻዎች ለኮድም ሊስማሙ ይችላሉ። ብሔራዊ ባንክም ሆነ ኢትስዊች ሚኒ አፖች የሚጻፉበትን ቅርጽ አንድ ቢያደርጉ፣ ማለትም አስተናጋጁ ለእንግዳው ኮድ የሚከፍታቸው በሮች ስምና ሥርዓት በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ አገልግሎት በሁሉም ይሠራል። ውድድሩ ያኔ በአገልግሎቱ ጥራት ላይ ይሆናል፤ ደንበኛና አልሚ አንቆ በመያዝ ላይ አይሆንም።

ተለዋዋጩን ክፍል በትንሽ ፋይል የመላክ አሠራር አደጋ ግን በሙሉ ክብደቱ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት አንድ ትንሽ የይዘት ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሉን የሚያነበው አስተርጓሚ በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ 20 መስክ ጠብቆ 21ኛውን እንዲያነብ ሲታዘዝ ከተፈቀደለት ማስታወሻ ውጭ ወጣ። 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ታወኩ። ትንሽ ፋይል በቀላሉ መላክ መቻሉ ጥፋትንም በቀላሉ ለመላክ አስችሏል። አገር ውስጥም በመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመው ችግር አይረሳም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሥርዓት ማሻሻያ ላይ የተፈጠረ እክል መሆኑን ገልጿል፤ ብዙ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ሳምንታት ፈጀበት። የንግድ ባንክን ችግር ባይትኮድ ይከለክለው ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። የሁለቱም ክስተቶች ትምህርት ግን አንድ ነው፤ ለውጥ ሲላክ የሚደርስበት ወሰን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ የትኛው ማሽን እንደሚመረጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሉአ ድንቅ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን የተጠናቀረውን የሉአ ባይትኮድ ከማስኬዱ በፊት አይፈትሽም፤ የቋንቋው መመሪያ ራሱ ሆን ተብሎ የተበላሸ ባይትኮድ አስተርጓሚውን ሊጥለው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ባይትኮዱም ከአንድ የሉአ እትም ወደ ሌላው አይሻገርም። ሉአን የሚመርጥ ድርጅት ኮዱን በጽሑፍ መልኩ ተቀብሎ እዚያው ቢያጠናቅረው ይሻለዋል። ከውጭ የመጣ ኮድ በሚስተናገድበት ቦታ ግን ዌብአሴምብሊ ይመረጣል። እያንዳንዱ ፋይል ከመሮጡ በፊት ይፈተሻል። ከተሰጠው ማስታወሻ ውጭ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ፋይል ለመክፈት፣ ኔትወርክ ለመንካት፣ ሰዓት ለማየት እንኳ አስተናጋጁ በግልጽ ካልፈቀደለት አቅም የለውም። እንደ ዋሰምታይም ያሉ ማሽኖች ደግሞ ለኮዱ የተቆጠረ «ነዳጅ» ይሰጡታል፤ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ቢገባ ነዳጁ ያልቅና ይቆማል፤ የባንኩ ሰርቨር ሥራውን ይቀጥላል።

ማሽኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ባይትኮድ ለሰው ዓይን የማይነበብ ስለሆነ የግብር ስሌትን የሚያህል ነገር በባይትኮድ ብቻ መስጠት ሕዝብ የማያየው ሕግ ማውጣት ይሆናል። ምንጩ ይፋ መሆን አለበት፤ ማንም ባለሙያ ምንጩን አጠናቅሮ ያንኑ ፋይል ማግኘቱን ማረጋገጥ መቻል አለበት፤ ፋይሉም በዲጂታል ፊርማ መታተም አለበት። አዲስ ደንብ ሲወጣ በመጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች፣ ቀጥሎ ለብዙዎች፣ መጨረሻ ላይ ለሁሉም ይሂድ። አሮጌው አይጣል፤ የሰኔ ደመወዝ በሰኔው ደንብ፣ የሐምሌ በሐምሌው ይሰላ፤ ውዝፍ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛም ወሩ በነበረው ሕግ ይዳኝ። ይህ በተበየደ ፕሮግራም ውስጥ ራስ የሚያዞር ሥራ ነው፤ ደንቡ ራሱን የቻለ ፋይል ሲሆን ግን ቀኑን አይቶ ትክክለኛውን ፋይል መምረጥ ብቻ ይቀራል።

የባለሙያ እጥረትም እውነት ነው። ቨርቹዋል ማሽን አስገብቶ፣ በሮቹን ጠብቆ፣ ስህተቱን ፈልጎ የሚያርም ፕሮግራመር በየቢሮው አይገኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ወጣቱን ለፕሮግራም መሠረታዊ ዕውቀት ማብቃቱ የሚደገፍ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ጥቂት መቶዎች እንኳ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚሠራ፣ ባይትኮድ እንዴት እንደሚፈተሽ ጠልቀው ቢማሩ ለአገሪቱ የባንክ ሥርዓት የሚያስገኙት ጥቅም ከቁጥራቸው በብዙ ይበልጣል። ሉአን የሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ።

ለሁሉም አፕ ይህ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ለአንድ ምግብ ቤት የሚሠራ የትእዛዝ መቀበያ ቨርቹዋል ማሽን አይፈልግም፤ ቢገባበት ሸክም ይሆንበታል። ሕግ የሚያስፈጽም፣ ገንዘብ የሚያሰላ፣ የሌላ ሰው ኮድ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ግን ይፈልገዋል።

ጅማሬው ትልቅ መሆን የለበትም። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር፣ የበዓላትን ስሌትና የቀን መለዋወጫ የያዘ አንድ ዌብአሴምብሊ ፋይል ከነምንጩና ከነመፈተሻው በነፃ ቢወጣ፣ ዛሬ በየቢሮው በአምስት ቋንቋ አምስት ጊዜ የሚጻፈው ኮድ ወደ አንድ ይወርዳል። ይህን አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም በቦሌ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ድርጅቶች ተባብረው በወራት ውስጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ኃይል በእጃቸው አለ፤ የጨረታ ሰነድ። ሶፍትዌር ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ የወለድ፣ የግብርና የክፍያ ደንቦች ከዋናው ፕሮግራም ተለይተው፣ በታወቀና በማንም ባልተያዘ የባይትኮድ ደረጃ፣ ከነምንጫቸው እንዲረከቡ የሚል አንድ አንቀጽ ያስገቡ። የደንቦቹ ባለቤትም ሻጩ ሳይሆን ገዢው መሆኑ በዚያው አንቀጽ ይጻፍ። አንቀጹን ማስገባት የሚቻለው ለቀጣዩ የበጀት ዓመት የሚዘጋጁት ሰነዶች ከመታተማቸው በፊት ነው።